በወልደአማኑኤል ስም

አቶ ሙሐሲን ወደ ካዛንቺስ የመጡት ድንኳኑ ተነስቶ፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ፣ ለቅሶ ደራሹ መመላለሱን ከተወ በኋላ ነው። በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ አስቻለች ያዘቻቸው።

"ኧረ ጋሽ ሙሐሲን፣ ዝም ብለው ይግቡ።"

"ጭቃ ነው ይዤ የመጣሁት። ይሄን ሁሉ ደረጃ ደርድሮ ሊፍት የረሳ ሰው፣ አላህ ጉልበቱን ይይለት" አሉና ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ስታቀርብላቸው ብርጭቆውን እንደያዙ ሳይጠጡ ቆዩ። ሜክሲኮ አካባቢ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አላቸው፤ የእነዳር ተወላጆች ማኅበር ሰብሳቢም ናቸው። ባሏ ወልደአማኑኤል በሕይወት ሳለ እዚሁ ሶፋ ላይ ሆነው ሲከራከሩ ድምፃቸው ታች ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

"የወልደአማኑኤል እናት አስቸገሩን" አሉ በመጨረሻ።

"እማማ ብርነሽ? ደግሞ አመማቸው እንዴ?"

"ኧረ ተሽሏቸዋል። እሱ አይደለም። ‘አረንጓዴ ሆነ ወይ?’ እያሉ ኢኽላስን መግቢያ መውጫ አሳጧት።"

አስቻለች ገባት። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ፣ ወልደአማኑኤል ባስቀመጠበት ጠፍቶ የተቀመጠውን ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር መሣሪያ ላለማየት ዓይኗን ወደ ሻዩ መለሰች።

እነዳር ስልክ የማይገባበት ጥልቅ ሸለቆ ነው። ወልደአማኑኤል ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው። አዲስ አበባ መጥቶ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ፣ የአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ከሆነ በኋላ፣ ከማኅበሩ ጋር ሆኖ በሸለቆው ውስጥ ትንንሽ የሬዲዮ ሳጥኖች ተከለ፤ አንዱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ አንዱን መስጊዱ ጣሪያ፣ ሌሎቹን ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላውና ኮረብታው ላይ። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ሶላር አለው። ሲም ካርድ የለውም፤ ከማንም ኩባንያ ጋር አይገናኝም። አጭር ጽሑፍ ይቀበላል፣ ለሚቀጥለው ሳጥን ያቀብላል፣ እሱም ለሚቀጥለው። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ ከተራራ ወደ ተራራ እየዘለለ፣ ካዛንቺስ እዚህ ፎቅ ጣሪያ ላይ እስከተሰቀለው አንቴና ይደርሳል። የሸለቆው ሰው "የኛ ሬዲዮ" ይለዋል። ሲተከል ሁለት ሕግ ወጥቶለት ነበር። ሳጥኑ በማንም መሬት ላይ ይቁም የሁሉም ነው፤ ማንም በሌላ ሰው ስም አይጽፍም።

ወልደአማኑኤል ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ በድንገት ወድቆ የሞተ ቀን እናቱ በሳንባ ምች ተኝተው ነበር። የታመመች እናት የልጇን ሞት አትሰማም። ቢሻላትም እንኳ በሬዲዮ አትሰማም። ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ሄደው፣ ዘመድ በግራ በቀኟ ተቀምጦ፣ የሚደግፋት ክንድ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገራት። ስለዚህ ማኅበሩ በዚያው ቀን ለየሳጥኑ ጠባቂዎች አንድ መልእክት ላከ፤ ወልደአማኑኤል አርፏል፣ ለእናቱ እንዳይነገር። ሸለቆው በሙሉ ሰማ፤ ሸለቆው በሙሉ ዝም አለ።

እማማ ብርነሽ ማንበብ አይችሉም፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። የሚጽፍላቸውም የሚያነብላቸውም የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ኢኽላስ ናት። አንድ ነገር ግን ያውቃሉ። የላኩት ነገር ተቀባዩ መሣሪያ ላይ ሲደርስ፣ የኢኽላስ መሣሪያ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ግን ለእሳቸው አንድም ቀን አልበራም።

"ማብራት ብቻ ነው" አሉ አቶ ሙሐሲን። "አትጽፊ። መሣሪያው ይብራ፣ አረንጓዴ ይሁን፣ ሴትዮዋ ይረፉ። ለምን አይመልስም ካሉ ሥራ በዝቶበት ነው እንላለን።"

"ማብራቱስ ውሸት አይደለም?"

"ማብራት ማብራት ነው፣ አስቻለች። አምፑል አብርተሽ ውሸታም የተባልሽበት ቀን አለ?"

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ወዲያው አፈረች።

እሳቸው እንደወጡ መሣሪያውን አበራችው። ጣሪያው ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ሲጠባበቁ የቆዩት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ።

"ወልዴ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ።"

"ወልዴ፣ ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። አንዱ ያንተ ነው።"

"ወልዴ፣ አረንጓዴ አልሆነም ትለኛለች ኢኽላስ። ባትሪህ ሞቶ ነው?"

"ወልዴ፣ አስቀየምኩህ እንዴ?"

አስቻለች የመጨረሻውን ደግማ አነበበችው። ተነስታ ወጥ ቤት ሄደች፣ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠበች፣ ተመልሳ መጣች። ከዚያ "አላስቀየምሽኝም እማዬ። ደህና ነኝ" ብላ ላከች።

ስታዲየም አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ለኃላፊዎች ደብዳቤና ንግግር ማርቀቅ ነው ሥራዋ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ስትጽፍ ኖራለች። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያልከበዳት።

መልሱ በማግስቱ መጣ። "ተመስገን። ድምፅህን የሰማሁ ያህል ነው። እዚያ ይዘንባል?"

ይዘንባል ወይ ተብሎ ተጠይቆ ዝም አይባልም። "ካዛንቺስ ትናንት ዘነበ" ብላ ጻፈች። "ቆርቆሮው ላይ ሲንጫጫ፣ የኛ ቤት ሣር ክዳን ዝናቡን ድምፅ ሳያሰማ የሚጠጣው ትዝ አለኝ።" ይህን ወልደአማኑኤል አንድ ጊዜ ነግሯት ነበር፤ ለእናቱ ግን ጽፎላቸው አያውቅም። እሱ ለእናቱ ሲጽፍ የሳጥን ባትሪ የሚያዝ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ከቢሮ ወጥታ ከስታዲየም በእግሯ ወደ ቤት ስትመለስ፣ በሰዉ መካከል እየተጋፋች፣ ምን ልጻፍ አትልም፤ ዛሬ ምን ይላል ትላለች። ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ይፈጥናል። ቀብሩ ላይ ብዙ አላለቀሰችም፤ ሰዉም "ጠንካራ ናት" ብሎ አመስግኗት ነበር። አሁን ደግሞ የቢሮ ጓደኞቿ ፊቷ መለስ ማለቱን ይነግሯታል። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፤ ወደ ጠረጴዛዋም ቀና ብላ ማየት እያቃታት ትመለሳለች።

ኢኽላስ በገበያ ቀን ስልክ ወደሚሠራበት ከተማ ስትወጣ ደወለችላት።

"እትዬ አስቻለች፣ እማማ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ‘ልጄ በስተርጅናው አፍ አወጣ’ እያሉ ለሰው ይነግራሉ። ሰው ደግሞ ምን ይበል? ‘እሰይ’ ይላል።"

"አንቺ ስታነቢላቸው… ትችያለሽ?"

"ቀስ ብዬ ነው የማነብ። ድምፄ እንዳይሰበር" አለች ኢኽላስ። ቀጥላም "የሣር ክዳኗ ጊዜ ግን ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ወጣሁ" አለች።

አስቻለች ይቅርታ ልትላት ፈልጋ፣ ስለ ክትባት ጠየቀቻት።

አቶ ሙሐሲን ሱቃቸው ድረስ ጠሯት። ቆርቆሮ እየጫኑ የነበሩትን ሰዎች "ቀስ! ለበዓል የገዛችሁት ሰንጋ አስመሰላችሁት እኮ" ብለው ጮኹባቸውና ወደ ውስጥ አስገቧት። የምስማር ካርቶን ላይ ነጠላቸውን ዘርግተው አስቀመጧት።

"እማማ ብርነሽ ድነዋል" አሉ። "መንገዱም ደርቋል። የፊታችን እሁድ ሽማግሌ ይሄዳል። መጻፉም ይበቃል።"

አስቻለች ጣቶቿን ተመለከተች። "ዓይናቸውስ?"

"ዓይናቸው ምን?"

"የዓይን ሐኪሞች ወደ ከተማዋ ሊመጡ ነው። ሞራውን በነፃ ይገፍፋሉ። ኢኽላስ አስመዝግባቸው ነበር፤ እሳቸው ልጄ ካላለኝ አልሄድም ብለዋል። አሁን መርዶ ከተነገራቸው ማን ለቀዶ ሕክምና ይሄዳል? ‘ማንን ላይበት’ ነው የሚሉት። ይህ ቢያልፍ ደግሞ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም።"

አቶ ሙሐሲን ጢማቸውን አሻሹ። "እውነትሽን ነው። ግን ሸለቆው እንባውን ይዞ ቁጭ ብሏል እኮ፣ አስቻለች። ሴቶቹ እሳቸው ሲያልፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። እሳቸው ደግሞ ጥላ ነው የሚያዩት፤ ‘ዘንድሮ የጥርስ ሕመም በዛ’ ይላሉ አሉ።" ሊስቁ ጀምረው ተዉት። "የኔ እህት ጥቁር ልብሷን ከቀሚሷ ሥር ነው የምትለብስ።"

"ለዓይናቸው ብለን ነው፣ ጋሽ ሙሐሲን።"

"ለዓይናቸው ብቻ ከሆነ እሺ።"

አስቻለች "ለዓይናቸው ነው" አለች። ስትናገር ግን ነገ ስለ መንታዎቹ በጎች የምትጽፈው ዐረፍተ ነገር በሐሳቧ እየተቀናበረ ነበር።

"እማዬ፣ ሐኪሞቹ ጋ ሂጂ" ብላ ጻፈች በማግስቱ።

"አንተ መጥተህ ካልያዝከኝ አልሄድም" የሚል መልስ መጣ።

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ለአቶ ሙሐሲን ደውላ፣ እንቢ ብለዋል፣ ሽማግሌዎቹ ይሂዱ ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን እንዲህ ብላ ላከች፦ "ኢኽላስ ትይዝሻለች። አንቺ ብቻ ሂጂ። ዓይንሽ ሲበራ መጀመሪያ የምታይው እኔን ነው።"

አረንጓዴው በራ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ኢኽላስ ከከተማዋ ደውላ፣ እማማ ፋሻው ሲነሳላቸው የራሳቸውን እጅ እያገላበጡ ብዙ እንዳዩ፣ "ይሄን ያህል አረጀሁ?" ብለው እንደሳቁ ነገረቻት። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቋል። ዓይናቸው እስኪጠና ድረስ ጎንበስ አይሉም፣ ጭስ አያገኛቸውም፣ አያለቅሱም።

"አያለቅሱም?" አሉ አቶ ሙሐሲን በስልክ። "ይሄ ሐኪም የማን አገር ሰው ነው?" ከዚያ ተነፈሱ። "እንግዲህ እስኪጠና ነዋ።"

መርዶው እንደገና ተላለፈ። እማማ ብርነሽም ከእንግዲህ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አስወጥተው በመንገዱ ላይ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ያዩ ጀመር። ማየት ከቻሉ ወዲህ ሴቶቹ በሌላ መንገድ ዞረው ወንዝ ይወርዳሉ።

በዚህ መሐል የኮረብታው ሳጥን ሥራ አቆመ።

የሸለቆው ሌሎች ሳጥኖች አንዱ ቢሞት በሌላው ዞረው ይገናኛሉ። ማዶ ያለው መንደር ግን ከተቀረው ሰው ጋር የሚገናኘው በኮረብታው ሳጥን ብቻ ነው። ኮረብታው ደግሞ የእማማ ብርነሽ መሬት ነው፤ ሳጥኑ ያለበት የብረት ቤት ቁልፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእሳቸው አንገት ላይ ነው ያለው። ኢኽላስ በገበያ ቀን ስትደውል ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም።

"እትዬ፣ ማዶ ተቆርጧል። ባትሪው ነው የሚሆነው ይላል ኤልዳድ።"

ኤልዳድ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። ወልደአማኑኤል ራሱ አስተምሮት፣ ካንተ ወዲያ ሳጥን የሚገባው የለም እያለ ሲያሞግሰው አስቻለች ሰምታለች።

"ታዲያ ይሥራዋ።"

"ቁልፉን እምቢ አሉ። ‘ልጄ ሊመጣ ነው፣ የሱን እጅ ሥራ ሌላ ሰው አይነካካውም’ ይላሉ። ኤልዳድ ደግሞ ምን ይበል? አልመጣም ሊላቸው ነው? በቃ፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢጽፉላቸው… ማለቴ እሱ ቢጽፍላቸው… ይሰጣሉ።"

"እጽፋለሁ" አለች አስቻለች።

"ዛሬውኑ፣ እትዬ። ማዶ ሁለት ነፍሰ ጡሮች አሉኝ። ምጥ ሲጀምራቸው በሬዲዮ ነው የሚጠሩኝ፤ ቃሬዛም እልካለሁ፣ እኔም ጤና ኬላው ላይ እጠብቃለሁ። ሌላ ጊዜ ክትባት ላይ ነኝ፣ አልገኝም።"

"ገባኝ፣ ኢኽላስ። ዛሬውኑ እጽፋለሁ።"

ማታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ "ቁልፉን ለኤልዳድ ስጪው፣ እሱ ይችላል" ብላ ጻፈች። ጣቷን መላኪያው ላይ አድርጋ ቆየች። እስካሁን የጻፈችው ሁሉ እሱን የሚያቆይ ነበር፤ ዝናቡ፣ በጎቹ፣ የልጅነቱ ነገር። ይህ ግን ቦታውን ለሌላ የሚለቅበት የመጀመሪያው ነው። ኤልዳድ መሰላሉን ሲወጣ፣ የብረት በሩን ሲከፍት፣ ወልደአማኑኤል በእጁ ያሰረውን ሽቦ ሲፈታ ታያት።

አጠፋችው።

"ቁልፉን ለማንም አትስጪ። እኔው መጥቼ አየዋለሁ" ብላ ላከች።

አረንጓዴው ወዲያው በራ። መልሱም አልዘገየም። "ይኸው፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።"

ኢኽላስ ከዚያ ቀን በኋላ እማማ የሚሏትን ብቻ እየጻፈች ትልካለች፤ ከራሷ ምንም አልጨመረችም።

አቶ ሙሐሲን ቢሮዋ ድረስ መጥተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን የጥበቃው ቤት አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ይዘዋል። አብረው ወደ ስታዲየም አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ። ኳስ ያለበት ቀን ስለነበር ባንዲራ ሻጮች እየጮኹ ይጋፏቸዋል።

"የማዶዋ ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ አወረዷት" አሉ አቶ ሙሐሲን። "ኢኽላስ አልነበረችም፤ ታች መንደር ክትባት ላይ ነበረች። ፈልገው እስኪያመጧት ድረስ ጤና ኬላው በር ላይ ነው የቆየችው።"

አስቻለች ቆመች።

"እሷ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም።"

አንድ ባንዲራ ሻጭ "እማዬ፣ የጊዮርጊስ? የቡና?" እያለ ፊቷ ላይ ጨርቅ ዘረጋባት። አቶ ሙሐሲን "ሂድ አንተ! ሰው አታይም?" ብለው ገፉት።

"ልጁ መቼ እንዳለፈ አላህ ያውቃል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቀድማ ብትደርስም ላይተርፍ ይችል ነበር። ማንም አልወቀሰሽም። እማማ ብርነሽ እልኸኛ ናቸው፤ ቁልፉን ይዘው…"

"ቁልፉን እንዳይሰጡ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"እንዴት?"

"ኢኽላስ ለኤልዳድ ስጪ ብለው ይጻፉ አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ለማንም አትስጪ ብዬ ጻፍኩ።"

"ለምን?" አሉ አቶ ሙሐሲን። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያልገባው ሰው ጥያቄ ነበር።

አስቻለች ለብዙ ዓመታት ለሰው ምክንያት ስትጽፍ ኖራለች። "ክብሩን በማስጠበቅ"፣ "ከሁኔታዎች አስገዳጅነት አንጻር"። ለዚህ የሚሆን ግን አላገኘችም።

"ኤልዳድ ከነካው የሞተ መሰለኝ" አለች።

አቶ ሙሐሲን ባርኔጣቸውን አደረጉ። መልሰው አወለቁት። "ጥፋቱ የኔም ነው። ጻፊ ባልል፣ አብሪው ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አይደለም። አትጽፊ ነው ያሉኝ። መጥቼ ታይኛለሽ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ለዓይናቸው ብዬ እሁዱን ያስቀረሁትም እኔ ነኝ፤ ለዓይናቸው ብቻም አልነበረም። ይህን አይካፈሉኝ፣ ጋሽ ሙሐሲን። ለማኅበሩ እናገራለሁ።"

"ተናግረሽ የሚመለስ ነገር አለ?"

"የለም።"

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ የእድር አዳራሽ ውስጥ ነው። ከቅዳሴ የመጡት ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሌሎቹ ከየሱቃቸው መጥተው ተቀምጠዋል። አስቻለች ቆማ ተናገረች። ብዙ አልነበረም። ስትጨርስ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል።

የመጀመሪያው ተናጋሪ አቶ ታዲዎስ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። "ወይዘሮ አስቻለች" አሉ፣ "ሐዘንሽን ሁላችንም እናውቃለን። አብረንሽ ቀብረናል። ግን ሳጥኑ ያንቺ አልነበረም። የባልሽም አልነበረም። እሱ ራሱ ነው እንዲህ እያለ ሲያሰለቸን የኖረው።"

"አዎን" አለች።

"የማዶዎቹ ልጅ ስም እንኳ አልወጣለትም።"

"ታዲዎስ፣ በቃ" አሉ አቶ ሙሐሲን።

"አይ፣ ይናገሩ" አለች አስቻለች።

አቶ ታዲዎስ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶው እንዲነገር ተወሰነ። "ዓይናቸው ቢጎዳስ?" ያለ ነበር፤ ዓይን ይታከማል፣ እንዲህ ግን አይኖርም ተባለ። ለማዶዎቹም ነገሩ እንዳለ እንዲነገራቸው አስቻለች ጠየቀች። "ይነገራል" አሉ አቶ ታዲዎስ። "አንቺም እግራቸው ሥር ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ። መጀመሪያ ግን እናትየው።"

ከሽማግሌዎቹ ጋር መሄድ ፈልጋ ነበር። አቶ ሙሐሲን ከለከሏት። "አንቺን ያለ ልጃቸው በዚህ ጥቁር ልብስ በር ላይ ካዩሽ መርዶው አንቺ ነሽ። ዘመድ ሳይደርስላቸው ይወድቃሉ። በማግስቱ ትመጫለሽ።"

"እስከዚያ ከጻፉልኝስ?"

"አታንቢው።"

ዓርብ ማታ አንድ መጣ። አነበበችው። "ወልዴ፣ የቡና ዛፎቹን ዛሬ አየኋቸው። አንተ የተከልካት ከሁሉም ትበልጣለች። መቼ ነው?" አስቻለች መሣሪያውን በጠረጴዛው ላይ በደረቱ ደፋችው። እጆቿን ጭኖቿ መሐል ጨምቃ ተቀመጠች። አልመለሰችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው ኢኽላስ በራሷ ስም የጻፈችው። "ተነግሯቸዋል። ሸለቆው ሁሉ እያለቀሰ ነው። ዓይናቸውን በንጹሕ ጨርቅ እየጠረግሁላቸው ነው። ኤልዳድ ኮረብታው ላይ ነው።"

አስቻለች ስለ መልእክቶቹ ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቀች።

"ነግረዋቸዋል። አቶ ሙሐሲን ናቸው የነገሯቸው። እማማ አሁን አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልጄ ራሱ የጻፈውን አንብቢልኝ አሉ።"

ቀጥሎ ሌላ መልእክት ገባ። "የኔ መሣሪያ ብዙ አይዝም፣ እትዬ። አዲስ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል። አሁን የቀረው ሁሉ የርስዎ ነው። የሱ አንድም የለኝም። እርስዎ ጋ ካለ ይላኩልን።"

አስቻለች የመልእክቱን ትርጉም ቀስ ብላ ነው የተረዳችው። በየቀኑ በጻፈች ቁጥር፣ በየማታው ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ በላከች ቁጥር፣ ከእናቱ ዘንድ እሱን አንድ በአንድ ስታስወጣ ነበር።

የሱ መሣሪያ ከስልኩ ጋር የተያያዘ ስለነበር ሁሉንም ይዟል። ወደ ላይ እየገፋች የራሷን አሳለፈች። ረጅም ነበሩ፤ ብዙ ነበሩ። ዝናቡ፣ ሣር ክዳኑ፣ በጎቹ፣ ቃል ኪዳኑ። ከዚያ በላይ፣ እሷ የሌለችበት፣ የሱ ጥቂቶች ተገኙ።

"ደረሰኝ።"

"እሺ እማዬ።"

"የኮረብታውን ሶላር አቧራ ጥረጉለት።"

የመጨረሻው ከመሞቱ በፊት የነበረው ሳምንት ነው። እናቱ መቼ ትመጣለህ ብለውት ነበር። መልሱ፦ "ሥራ በዝቶብኛል። በኋላ እጽፍልሻለሁ።"

አስቻለች ይህንን ለብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ለአንዲት እናት የሚላክ አልመሰላትም። አንዲት ቃል ብትጨመርበት ምን ነበረበት? "እማዬ" ብቻ። "ናፍቀሽኛል" ብቻ። መሣሪያው በእጇ ነው፤ የሱ ጽሑፍ ሌላ ማንም ጋ አልቀረም። እሱም እኮ ይናፍቃቸው ነበር፤ ይህን እሷ ታውቃለች፤ ውሸት አይሆንም። ቃሉን ጻፈችው። ከጎኑ ተቀምጦ ሲያዩት የሱ ይመስል ነበር። ከሱም የተሻለ ነበር።

ቃሉን አጠፋችው። አራቱንም እንደነበሩ፣ በተጻፉበት ቅደም ተከተል፣ ምንም ሳትጨምር ላከች። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች። ታች መንገዱ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት "ለገሃር፣ ሜክሲኮ" እያለ ይጣራል።

"አነበብኩላቸው" ብላ ጻፈች ኢኽላስ።

"ምን አሉ?"

"የመጨረሻውን ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። አሁንም ድገሚ ይሉኛል።"

"ነገ እንደምመጣ ነግረሻቸዋል?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"እና?"

"ነይም አላሉ፣ አትምጪም አላሉ፣ እትዬ። ድገሚው ብቻ ነው የሚሉት።"

አስቻለች "እሺ፣ ድገሚላቸው" ብላ መለሰች። ተነስታ ለነገው መንገድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።